የአገር ጠበቃ፤ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ አጭር የሕይወት ታሪክ

በዚህ መጽሔት ላይ የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ ማውጣት የተለመደ ነው። እኛ የበቆጂ ልጆች የታላቅ ሰው ታሪክ ጻፉ በተባልን ቁጥር ብዕራችን ወደ ሯጮቻችን ያዘነብላል፤ ይህም አያስነቅፈንም። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችውን ደራርቱ ቱሉን የማያውቅ ሕፃን በዚህ በብርዳሙ ደጋችን አይገኝም። እኔ ግን ዘንድሮ የመረጥሁት በእግራቸው ሳይሆን በአንደበታቸውና በብዕራቸው የኢትዮጵያን ስም በዓለም አደባባይ ያስከበሩትን ሰው፣ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድን ነው።

የመረጥሁበትም ምክንያት ይህ ነው። በታሪክ ትምህርት ስለ ዓለም መንግሥታት ስንማር አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ በልቤ ይመላለስ ነበር። ብዙ መድፍና ብዙ ገንዘብ የሌለው አገር፣ ኃያላን ዓለምን በሚከፋፈሉበት ጊዜ ምን ይዞ ይቆማል? የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ ረጅም መልስ ነው ብዬ አምናለሁ። መልሱ ግን በሙሉ ደስ የሚያሰኝ ስላልሆነ፣ ክብራቸውንም የዘመናቸውንም ጉድለት ሳልሸሽግ ለማቅረብ እሞክራለሁ።

አክሊሉ ሀብተ ወልድ በ1904 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የቤተ ክህነት ሰው ሲሆኑ የዘር ሐረጋቸውም ከቡልጋ ነው። ወንድሞቻቸው መኰንን ሀብተ ወልድና አካለ ወርቅ ሀብተ ወልድም እንደ እርሳቸው ለሚኒስትርነት የበቁ ናቸው። በዚያ ዘመን ትልቅ ሥልጣን በአብዛኛው የመኳንንት ቤት ሀብት ነበር፤ ከካህን ቤት ወጥቶ ከዚያ ለመድረስ ዋናው መሰላል ትምህርት ነበር። ወጣቱ አክሊሉ ወደ ግብጽ ተልከው በእስክንድርያ በፈረንሳዮች ሊሴ ተማሩ። ከዚያም ወደ ፓሪስ ተሻግረው የሕግ ትምህርት አጠኑ። ፈረንሳይኛን አጥርተው ማወቃቸውና የሕግን አነጋገር መልመዳቸው በኋላ ዘመን ለአገራቸው እንደ ጦር መሣሪያ ሆኖ አገለገለ።

እርሳቸው በፓሪስ ሳሉ ፋሽስት ኢጣልያ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ወረረች። አክሊሉም በዚያው ከተማ በነበረው የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ውስጥ አገራቸውን ማገልገል ያዙ። ኢትዮጵያ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ መቀመጫው በጄኔቭ የሆነው የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች። የማኅበሩም ቃል ኪዳን በአንዱ አባል ላይ የሚነሣ ጦርነት በሁሉም ላይ እንደ ተነሣ ይቈጠራል የሚል ነበር። ሆኖም ኃያላኑ እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን ማስቀየም አልወደዱም። በኢጣልያ ላይ የተጣለው የንግድ ማዕቀብ ነዳጅን ሳይጨምር ቀረ፤ የስዊዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ተገኝተው አቤቱታቸውን ካሰሙ በኋላ ሳምንታት እንኳ ሳይቈዩ ማኅበሩ ያንኑ ደካማ ማዕቀብ አነሣው።

አክሊሉ በወጣትነታቸው ይህን ሁሉ በቅርብ ተመለከቱ። ከዚህ ሌላ ሰው ቢሆን ሕግ ማለት የኃያላን ማታለያ ነው ብሎ ተስፋ በቈረጠ ነበር። እርሳቸው ግን በኋላ ሥራቸው እንደሚታየው ሁለት ነገር ጨበጡ። አንደኛው፣ የኃያል ቃል ብቻውን መከታ እንደማይሆን ነው። ሁለተኛው፣ በወረቀት ላይ የሰፈረ መብት ጊዜው እስኪደርስ ተኝቶ ይቈያል እንጂ እንደማይሞት ነው። እንደ አሜሪካ፣ እንደ ሶቭየት ኅብረትና እንደ ሜክሲኮ ያሉ አገሮች ወረራውን ሳያጸድቁ ቀርተው ነበርና፣ የኢትዮጵያ መዝገብ ከናካቴው አልተዘጋም። ፓሪስ በ1932 ዓ.ም. በጀርመኖች እጅ ከወደቀች በኋላ አክሊሉ ከፈረንሳይ ወጡ፤ ኢትዮጵያም ነጻ ስትወጣ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ብዙዎቻችን ነጻነት በ1933 ዓ.ም. በሙሉ የተመለሰ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ከአርበኞቻችን ጋር ሆኖ ኢጣልያንን ያስወጣው የእንግሊዝ ጦር ቶሎ የሚወጣ አልሆነም። በጥር 1934 ዓ.ም. በተፈረመው ውል የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ ቀዳሚ የክብር ቦታ ተሰጠው፤ ለመንግሥቱም እንግሊዛውያን አማካሪዎች ተመደቡ። ምድር ባቡሩና ኦጋዴንም በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር ቈዩ። አክሊሉ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በምክትልነት ሥራ በጀመሩ ጊዜ የጠበቃቸው ሸክም ይህ ነበር፤ ወዳጅ ሆኖ የመጣውን እንግዳ ሳያስቀይሙ ከቤት ማስወጣት።

በዚያ ጊዜ የዓለም ሚዛን ይለዋወጥ ነበር። እንግሊዝ በጦርነቱ ደክማ ስትሄድ አሜሪካ ትገንን ጀመር። ኢትዮጵያም ይህን ተመልክታ ፊቷን ወደ አሜሪካ መለሰች። ለአዲስ ውል ድርድር ተከፍቶ፣ በሎርድ ዴ ላ ዋር ከሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ጋር ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. ሁለተኛው ውል ተፈረመ። የእንግሊዝ መልእክተኛ ቀዳሚነት ቀረ፤ ምድር ባቡሩም ተመለሰ። ኦጋዴን ገና አልተለቀቀም። ነገር ግን የእንግሊዞች በዚያ መቈየት የኢትዮጵያን የባለቤትነት መብት እንደማይነካ በውሉ ውስጥ ተጻፈ። ይህች አንዲት ሐረግ ናት ዘግይታ ፍሬ ያፈራችው። አብዛኛው ኦጋዴን በ1941 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመለሰ፤ የቀረው የሐውድ ግጦሽና የተከለለው ምድር ደግሞ በ1947 ዓ.ም. ተለቀቀ። በዚህ ሁሉ አንድም ጥይት አልተተኰሰም። እኛ በቆጂዎች እናውቀዋለን፤ 25 ዙር በሚሮጥበት ውድድር የመጀመሪያውን ዙር የመራ ሁሉ አሸናፊ አይሆንም።

በዚያው በ1937 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር በግብጽ ውኃ ላይ በቆመች የጦር መርከብ ውስጥ ተገናኙ። በሚያዝያም በሳን ፍራንሲስኮ ትልቁ ጉባኤ ተከፈተ። ኢትዮጵያ ቻርተሩን ፈርመው የተባበሩትን መንግሥታት ድርጅት ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ሆነች፤ አክሊሉም ከኢትዮጵያ ልዑካን መካከል ነበሩ። በዚያ ጉባኤ ከአፍሪካ የተገኙት ኢትዮጵያ፣ ግብጽ፣ ላይቤሪያና ደቡብ አፍሪካ ብቻ እንደ ነበሩ ስናስብ፣ ያቺ ወንበር ምን ያህል ውድ እንደ ነበረች እንረዳለን። ከአሜሪካ ጋር የተጀመረው ወዳጅነትም ፍሬው በአየር ላይ ታየ። በቲ ደብሊዩ ኤ እርዳታ የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ አደረገ።

ከዚህ በኋላ የመጣው የፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ነው። በ1938 ዓ.ም. መጨረሻ 21 መንግሥታት በፓሪስ ተሰብስበው ከጀርመን ጋር ወግነው የነበሩትን አገሮች ጉዳይ መረመሩ። የኢትዮጵያን ልዑካን ይመሩ የነበሩት አክሊሉ ናቸው። አገራቸው ስትወረር በተሰደዱባት ከተማ አሁን ከድል አድራጊዎች ጋር ተቀምጠው ወራሪዋን ኢጣልያን ከሰሱ። በየካቲት 1939 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ኢጣልያ በአፍሪካ የነበሯትን ቅኝ ግዛቶች መብት ለቀቀች፤ የኢትዮጵያን ነጻነትና ሉዓላዊነት አምና ተቀበለች፤ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንድትከፍልም ተወሰነ። ገንዘቡ ለጠፋው ነፍስና ንብረት የሚመጥን አልነበረም። በጄኔቭ የተነፈገው ፍርድ ግን በጽሑፍ ተሰጠ።

የኤርትራ ጉዳይ ከሁሉ የከበደው ነው። አራቱ ኃያላን ሊስማሙ ባለመቻላቸው ነገሩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ተላለፈ። የኤርትራም ሕዝብ ራሱ አንድ ሐሳብ አልነበረውም፤ ከኢትዮጵያ ጋር መዋሐድን የሚሻም፣ ነጻ መንግሥት መሆንን የሚሻም ብዙ ነበር። ግዛቲቱን ለመክፈል የቀረበው እቅድም በ1941 ዓ.ም. ወደቀ። አክሊሉ በዚህ ጊዜ ከላቲን አሜሪካ ልዑካን ጀምሮ እስከ እስያ ልዑካን ድረስ እየዞሩ ለአገራቸው ድምፅ ፈለጉ። በኅዳር 1943 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤው በ46 ድጋፍና በ10 ተቃውሞ ኤርትራ የራሷ ምክር ቤትና አስተዳደር ኖሯት በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ ወሰነ። ፌዴሬሽኑም በመስከረም 1945 ዓ.ም. ተግባር ላይ ዋለ። ማንም ወገን የተመኘውን ሁሉ አላገኘም፤ የስምምነት ጠባይም ይኸው ነው።

ወዲያውም የኮርያ ጦርነት ተነሥቶ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ጥሪ በቀረበ ጊዜ ኢትዮጵያ በ1943 ዓ.ም. የቃኘውን ሻለቃ ጦር ላከች። በዚያ ሩቅ ምድር ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደቁ። ይህን ያደረገችው በ1928 ዓ.ም. ማንም ያልደረሰላት አገር ስለ ሆነች፣ በጋራ መጠባበቅ የሚለው ሕግ እንዳይሞት መሥዋዕት ለመክፈል ነው ይባላል። እውነትም አለው። ነገር ግን የአሜሪካን ወዳጅነት ማጥበቅም ሌላው ምክንያት መሆኑን መካድ አይገባም። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የጦር እርዳታ ውል ተፈረመ፤ አሜሪካም በአስመራ ቃኘው የተባለውን የመገናኛ ጣቢያ ለ25 ዓመት የመጠቀም መብት አገኘች። ያም ሆኖ ኢትዮጵያ ሙሉ በሙሉ በአንድ ወገን አልታሰረችም። በ1947 ዓ.ም. በባንዱንግ ጉባኤ ተካፈለች፤ በ1951 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሞስኮን ጐብኝተው ብድር አገኙ፤ በ1953 ዓ.ም. መጨረሻም በቤልግሬድ ከገለልተኞቹ አገሮች ጋር ተሰበሰቡ። ከሁሉ ጋር መነጋገር፣ በአንዱ ብቻ አለመመካት የዚያ ዘመን የውጭ ጉዳይ መንገድ ነበር።

አክሊሉ በ1953 ዓ.ም. የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ሥራ ያዙ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ወንድማቸው መኰንን ሀብተ ወልድ በታኅሣሡ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተገድለው ነበርና፣ ወንበሩ የደስታ ወንበር አልነበረም። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ እርሳቸው ነበሩ። የካዛብላንካና የሞንሮቪያ የሚባሉትን ሁለት ጎራዎች ለማስታረቅ የደከሙትን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን አቶ ከተማ ይፍሩን ግን ሳያመሰግኑ ማለፍ አይገባም።

ከዚህ ሁሉ እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ብዙ ሰው የማያወሳው አንድ ሙግት ነው። በ1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን በሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክሱ ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው አገር ደቡብ አፍሪካ ስለምትፈጽመው የዘር ልዩነት አገዛዝ ነበር። ሁለቱ አገሮች የመክሰስ መብት አለን ያሉት የቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር አባላት ስለ ነበሩ ነው። ኢትዮጵያን በ1928 ዓ.ም. የከዳት ማኅበር ከሞተ በኋላ አባልነቱ ለሌላ ወንድም ሕዝብ መሟገቻ ሆነ። በ1958 ዓ.ም. ዳኞቹ 7 ለ7 እኩል ተከፍለው በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ክሱ ውድቅ ተደረገ። ነገር ግን ዓለምን ያስቈጣው ይህ ፍርድ ጉዳዩን ይበልጥ አቀጣጠለው እንጂ አላጠፋውም። ናሚቢያም በ1982 ዓ.ም. ነጻ ወጣች።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሁሉ ከእኛ ከአርሲዎች ጋር ምን ያገናኘዋል ትል ይሆናል። በጣም ይገናኛል። በ1959 እና በ1960 ዓ.ም. መባቻ ከስዊድን መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰው ሁሉ ካዱ እያለ የሚጠራው፣ በአሰላ ተቋቋመ። ምርጥ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና የተዳቀሉ የወተት ላሞች ወደ ገበሬው መድረስ ጀመሩ። የቁልምሳ የእርሻ ምርምር ጣቢያም የዚያ ዘመን ውጤት ነው። አርሲ ዛሬ በስንዴዋ የምትታወቀው በአንድ በኩል በዚያ ምክንያት ነው። የውጭ ጉዳይ ሥራ በጄኔቭና በኒው ዮርክ ብቻ የሚሠራ የሚመስለው ሰው ወደ ማሳው ይመልከት።

አያቴ ግን ያንን ዘመን ሲያወጉ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይናገራሉ። ስንዴው እንዳማረ፣ ላሚቱም እንደ ምንጭ እንደ ታለበች ያወሳሉ፤ ወዲያው ድምፃቸው ዝቅ ይልና፣ እርሻ ትርፍ ማስገኘቱን ያየው ባለ መሬት ትራክተር አምጥቶ ጭሰኛ የነበሩትን ወላጆቻቸውን ከነልጆቻቸው እንዳስነሣቸው ይናገራሉ። እንዲህ ያለው መፈናቀል በዚያ ዘመን በጭላሎ በብዙ ቤተ ሰብ ላይ የደረሰ ነው። የባለ መሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚያስተካክል ረቂቅ ሕግ ተዘጋጅቶ ለፓርላማ ቢቀርብም ሳይጸድቅ ቀረ፤ በፓርላማው ውስጥ የሚበዙት ባለ ርስቶች ነበሩና።

እንግዲህ የዚህ ታሪክ መራራው ክፍል እዚህ ላይ ይጀምራል። ኢትዮጵያ በውጭ አገር ሕግ ይከበር እያለች ስትሟገት፣ በአገር ውስጥ ግን ሕጉ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በ46 ድምፅ የተገኘው ፌዴሬሽን በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፈረሰ፤ በዚያ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ነበሩ። በኤርትራ የተጀመረው የትጥቅ ትግል 30 ዓመት ያህል ቈየ፤ የሁለቱም ወገን ወጣት አለቀ፤ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ መንግሥት ሆነች። በብዙ ብልኀትና በብዙ ድካም የተገኘ ውል ካልተጠበቀ ከምንም አይቈጠርም ብዬ የማምነው ይህን አይቼ ነው። የመጨረሻውን ሥልጣን የያዙት ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ነበሩ ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሚኒስትር ትከሻ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ይሁን እንጂ ከኃላፊነት ነጻ ነበሩ ማለትም አይቻልም።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የተነሣው ረሃብ፣ የኑሮ መወደድና የወታደሩ እንቅስቃሴ መንግሥቱን አናወጠው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአክሊሉ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ጥቂት ቈይቶም እርሳቸውና ብዙ ባልደረቦቻቸው ታሰሩ። በእስር ላይ ሳሉ ስለ ሥራቸው የጻፉት ከብዙ ዘመን በኋላ የአክሊሉ ማስታወሻ በሚል ርእስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። የመርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ጉዳዩ በመመርመር ላይ ሳለ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ አስገደለ። አክሊሉና ወንድማቸው አካለ ወርቅ ከእነዚያ መካከል ነበሩ። ዕድሜያቸው 62 ዓመት ነበር።

በዓለም ፍርድ ቤትና ጉባኤ ፊት ለአገራቸው የተሟገቱት ጠበቃ ለራሳቸው አንድ ዳኛ አላገኙም። በደል ሠርተው ከሆነ በችሎት ተከሰው፣ ተናግረው፣ ተፈርዶባቸው ቢሆን ኖሮ እኛም ዛሬ እውነቱን ከመዝገብ እናነብ ነበር። ያለ ፍርድ የተገደለ ሰው ግን ጥፋቱም ጥሩ ሥራውም አብሮት ይቀበራል፤ ለሚቀጥለውም ትውልድ የሚተርፈው ክርክር ብቻ ይሆናል።

ዛሬ የዓለም ሚዛን እንደ ገና በመለዋወጥ ላይ ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. ብሪክስ የሚባለውን የአገሮች ማኅበር ተቀላቅላለች፤ ከቻይናም፣ ከአሜሪካም፣ ከአውሮፓም፣ ከዓረብ አገሮችም ጋር ትነጋገራለች። የአክሊሉ ዘመን ጥያቄ በአዲስ ልብስ ተመልሶ መጥቷል። በመጀመሪያ ያነሣሁት ጥያቄ መልሱ እንግዲህ የሚከተለው ይመስለኛል። ጉልበት የሌለው አገር ሕግን፣ ትዕግሥትንና የተማረ ሰውን ይዞ ይቆማል፤ ይህን የያዘ አገር ጊዜ ይረዳዋል። ነገር ግን በውጭ የሚናገረው ቃል እንዲታመን በቤቱም ውስጥ ያንኑ ሕግ መጠበቅ አለበት። በደጅ ጠበቃ፣ በቤት ግን ሕግ ዘንጊ የሆነ አገር በአንድ እጁ የሰበሰበውን በሌላው እጁ ይበትናል።

ውድ ጓደኞቼ፣ ከመካከላችን ለሩጫ የተፈጠረ ይሩጥ፤ በርታ እንለዋለን። እግሩ ያልፈጠነለት ግን ተስፋ አይቍረጥ። ቋንቋን አጥርቶ የሚያውቅ፣ ሕግን የሚያነብ፣ በክርክር የማይቈጣ ሰው ለኢትዮጵያ ዛሬም ያስፈልጋታል። ክቡራን ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ሆይ፣ ልጅ መጽሐፍ ይዞ ሲያመሽ ሥራ ፈታ አትበሉት፤ ምናልባት አንድ ቀን ለአገሩ ጠበቃ ይሆናልና።